ጉበት ላይ ያለው እጢ በማይክሮዌቭ ይቃጠል ከተባላችሁ

ሪፈር ተጽፎላችሁ ከደሴ ምትወጡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የእጢውን መጠን ጠይቁ፣ 3 ሴንቲሜትርና ከዛ በታች ሲሆን ነው በደንብ ሚሰራው። የሲቲ ስካኑን ሲዲ ያዙ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ደም ማቅጠኛ ምትወስዱ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙት። በዕለቱ ጠዋት ቁርስም ቡናም የለም (ለወሎ ሰው ያለ ቡና መዋል ከመርፌው ይብሳል ባይ ነኝ)። አሰራሩ፣ ማደንዘዣ ይሰጥና ቀጭን መርፌ በአልትራሳውንድ ወይ በሲቲ እየታየ በቆዳ በኩል እጢው ውስጥ ይገባል፣ ከጫፉ ሚወጣው ማይክሮዌቭ እዛ ያለውን ውሃ እያንቀጠቀጠ ከ60 ዲግሪ በላይ ያሞቀዋል፣ ሴሉ እዛው ይሞታል፣ እንዳይመለስም ዙሪያውን ትንሽ ጤነኛ ጉበት አብረው ያቃጥላሉ፣ ማቃጠሉ ራሱ ደቂቃዎች ነው። ቀለል ያለ ትኩሳትና ድካም ለጥቂት ቀን ይኖራል፣ ከባሰ ወይ አይን ቢጫ ከሆነ ቶሎ ሀኪም ጋ። ከወር ገደማ በኋላ ሲቲ ይደገማል፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትቀሩ።