ካሜራው ስለ ሴትና ወንድ ምን ይላል? በጅማ ጎዳና የሚሠራ የሁለት ደቂቃ የትሪለር መክፈቻ

ስክሪፕቱ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት፦ «አንዲት ሴት ሲመሽ የአዌቱን ድልድይ ትሻገራለች።» አዌቱ ጅማን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ቀራጩ መጀመሪያ ጫማዋን በቅርብ ያነሳል። ቀጥሎ ከዛፍ ጀርባ ሆኖ ትከሻዋን፣ ከዚያ ቦርሳዋን የጨበጠ እጇን። አሥር ሰከንድ እንኳ አልሞላም፤ ተመልካቹ ግን ሴትየዋ እንደምትታደን፣ አሳዳጇ ወንድ እንደሆነና እሷም ምንም እንዳላወቀች ወስኗል። ስሟን አልሰማም፣ ፊቷን አላየም፣ ወንድ የሚባል ሰውም ገና ፍሬም ውስጥ አልገባም። ይህን ሁሉ የነገረው ካሜራው ነው።

የትሪለር፣ ማለትም በሥጋት ልብ የሚያንጠለጥል ፊልም፣ መክፈቻ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ተመልካች ማንን እንደሚፈራና ለማን እንደሚፈራ የሚወስነው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ አንዴ ከወሰነ በኋላ ሐሳቡን ማስለወጥ ከባድ ነው። ስለዚህ ሴትና ወንድን እንዴት እንደምትስሉ ከቀረጻ በፊት ማሰብ የፊልሙ የዕደ ጥበብ ክፍል ነው፤ ለኋላ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ብርሃንና ፎከስ በእጅ የሚስተካከልበት ስልክ ወይም 35 እና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ፣ ትራይፖድ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ተዋናይ ይበቃሉ። ግባችሁ 120 ሰከንድ፣ ከ20 እስከ 25 ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያነሳው አንድ ቁራጭ) ይሁን።

1. ስክሪፕቱን በአንቱታ ጻፉ

አማርኛ ግሱ ላይ ጾታ ይለጥፋል። «ይሄዳል» ወይም «ትሄዳለች» ብላችሁ በጻፋችሁበት ቅጽበት ማን አዳኝ ማን ታዳኝ እንደሚሆን እጃችሁ በልማድ መርጦታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን «ሀ» እና «ለ» በሏቸው፣ ግሱን ሁሉ በአንቱታ ጻፉ፦ «ሀ የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ድልድዩን ይሻገራሉ። ለ ከወዲያ ማዶ ቆመዋል።» ታሪኩ ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላ ብቻ ማን ሴት ማን ወንድ እንደሆነ ምረጡ። ሁለቱንም አማራጭ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አንደኛው «የተለመደ»፣ ሌላኛው «ደስ የማይል» ከመሰላችሁ፣ ለምን እንደመሰላችሁ በዳር ማስታወሻ ያዙ፤ በቀረጻ ጊዜ የምትጠነቀቁበት ቦታ እሱ ነው።

ለ«ሀ» ሥራና ዕቃ ስጡ። የቡና መጋዘን ቁልፍ፣ የሒሳብ ደብተር፣ ባትሪው ሊያልቅ የደረሰ ስልክ። ቦርሳ ብቻ የያዘች ሴት የምትዘረፍ ሰው ትመስላለች፤ ቁልፍ የያዘች ሴት ግን አንድ ነገር የሚከፈተውና የሚዘጋው በእሷ ነው።

2. የማን ዓይን እንደሆነ ወስኑ

እንግሊዛዊቷ የፊልም ሊቅ ሎራ መልቪ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ሲኒማ ውስጥ ሦስት ዓይኖች እንዳሉ አሳይታለች፦ የሚቀርጸው ካሜራ፣ የሚያየው ተመልካችና እርስ በርስ የሚተያዩት ገጸ ባሕርያት። በለመድነው አሠራር ሦስቱም ወንዱን ተከትለው ሴቷ ላይ ያርፋሉ። በተግባር ይህን የሚቆጣጠረው ባለሙያዎች ፒኦቪ የሚሉት፣ በገጸ ባሕሪው ዓይን የሚያሳየን ሾት ነው።

ፒኦቪ በሦስት ሾት ይሠራል። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ፊት፣ ቀጥሎ የታየው ነገር፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ፊቱ። ብዙ ጀማሪዎች የመጀመሪያውን ይተዉና ሴቷን ከቅጠል ጀርባ ብቻ ይቀርጻሉ። ባለቤት የሌለው ዓይን ሲፈጠር ተመልካቹ ራሱ አድፋጭ ይሆናል፤ አድፋጩንም ሳይነገረው ወንድ ያደርገዋል። አውቃችሁ ካደረጋችሁት ኃይለኛ መሣሪያ ነው፤ ሳታውቁ ካደረጋችሁት ግን ሴቷ ገና ሳትናገር የሚታይ ዕቃ ሆናለች። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ሾቶች ቢያንስ ሁለቱ እሷ የምታየውን ያሳዩ፦ የቆመ ባጃጅ፣ መብራቱ የጠፋ ሱቅ፣ ከወንዙ ዳር የተተወ ባዶ በርጩማ። አደጋውን ቀድማ ካየች ተመልካቹ ከእሷ ጋር ያስባል፤ እሷ ሳታይ ተመልካቹ ብቻ ካየ ግን ያዝንላታል። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ስሜቶች ናቸው።

3. የካሜራውን ከፍታ በሜትር ለኩ

እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ሁልጊዜ ሳይታሰብ ነው። ትራይፖዱ ለረጅሙ ተዋናይ ዓይን፣ ለምሳሌ 165 ሴንቲ ሜትር ላይ ይተከላል። ቀጥሎ አጠር ያለችው ተዋናይት ትቆማለች፤ የእሷ ዓይን 148 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ማንም ትራይፖዱን ካልነካው ካሜራው 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ከላይ ወደ ታች ያያታል። በክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊት በቅርብ ሲነሳ፣ ይህ ልዩነት በደንብ ይታወቃል፦ ግንባሯ ይጎላል፣ ዓይኗ ወደ ላይ የሚለምን ይመስላል። ለእያንዳንዱ ተዋናይ የዓይኑን ከፍታ ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሾት በተቀየረ ቁጥር ትራይፖዱን አስተካክሉ።

ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ስትፈልጉ ደግሞ በምክንያት ይሁን። ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቀመጠ ካሜራ ሰውን ያገዝፋል። ለዚህ የጅማ በርጩማ ጥሩ ረዳት ነው፤ ቀራጩ እሱ ላይ ቁጭ ብሎ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ካሳረፈ ካሜራው አይንቀጠቀጥም። ወንዱን ብቻ ከታች፣ ሴቷን ብቻ ከላይ ካነሳችሁ ግን ጉልበትን በጾታ ከፋፍላችኋል።

ሌንስም ይናገራል። የአብዛኞቹ ስልኮች ዋና ሌንስ ከ24 እስከ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለ ሰፊ ሌንስ ነው፤ ከኋላ ያለውን መንገድ ያረዝማል፣ ተከታዩ ሩቅ ይመስላል። በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ ሌንስ ከሩቅ ሆናችሁ ስታነሱ ደግሞ ርቀቱ ይጨመቃል፤ ከኋላዋ ራቅ ብሎ የሚመጣው ሰው ከእውነቱ ይልቅ የቀረባት ይመስላል።

4. ከጫማ በፊት ፊት

ሴትን በቁርጥራጭ ማስተዋወቅ፣ ማለትም ተረከዝ፣ ወገብ፣ ከንፈር፣ በመጨረሻ ፊት፣ የትሪለር የቆየ ልማድ ነው። ወንዱን እንዲህ ስናስተዋውቀው ብዙውን ጊዜ የምናሳየው ሥራ የያዘ እጁን ነው፤ የእሷ አካል ይታያል፣ የእሱ እጅ ይሠራል። የመጀመሪያው ሾቷ ፊቷ ይሁን፣ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይቆይ። ጫማዋን የግድ ካስፈለጋችሁ፣ እግሯ የሚያደርገውን አሳዩ፦ መቆም፣ አቅጣጫ መቀየር፣ ድምፅ እንዳያሰማ ጫማ ማውለቅ።

በፍሬሙ ውስጥ ባዶ ቦታ የት እንደሚቀር አስቡበት። ሰፊው ባዶ ቦታ ከፊቷ ከሆነ ወደ አንድ ነገር የምትሄድ ናት፤ ከኋላዋ ከሆነ የሆነ ሰው ሊገባ ነው። ስለ ልብስ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሻሽ፣ ሂጃብና ነጠላ በጅማ መንገድ ላይ የዕለት ልብስ ናቸው፤ ከጀርባ ቀርጾ የ«ምስጢር» ወይም የ«ሥጋት» ምልክት ማድረግ ሰዎቹንም ይበድላል፣ ፊልሙንም ርካሽ ያደርገዋል። ማንነትን መደበቅ ከፈለጋችሁ ጋቢ የተከናነበ ሰው ይበቃል፤ ወንዱም ሴቷም ይከናነቡታልና።

5. ብርሃኑን ቀድማችሁ አስሉ

ጅማ ውስጥ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12፡10 እስከ 12፡55 ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በአንድ ምሽት ከስድስት እስከ ስምንት ሾት ብቻ አስቡ፤ ሥራውን ለሦስት ወይም ለአራት ምሽት ከፋፍሉት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚጠና ለልምምድ ደረቁ ወቅት ይሻላል። የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ አድርጉ፤ አለዚያ የሱቅ መብራት ይርገበገባል።

በተለመደው አሠራር ሴቷ ለስላሳ የፊት ብርሃን፣ ወንዱ ግማሽ ፊቱን ጨለማ የሚያደርግ የጎን ብርሃን ያገኛሉ። የባጃጅ መብራት ከጎን ሲመጣ ለእሷም ስጧት፤ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ያሳያል። ፎከሱንና ብርሃኑን ፊቷ ላይ ካልቆለፋችሁት ግን ስልኩ ለባጃጁ መብራት ብሎ ፊቷን ያጠቁረዋል።

6. ድምፅና ቋንቋ

በር ሲንኳኳ «ማነው?» እንላለን፤ «ማናት?» ብሎ የሚጀምር ብርቅ ነው። በዚያች አንዲት ቃል ከበሩ ጀርባ ያለው ሰው በተመልካቹ አእምሮ ወንድ ሆነ። የስልኩ ድምፅ «የት ነሽ?» ሲል ደግሞ፣ ተዋናይዋ ገና ሳትታይ ጾታዋ ተገለጠ። እነዚህን በልማድ አታስገቧቸው። የአድራጊውን ጾታ ለመደበቅ አንቱታ ድንቅ መሣሪያ ነው፦ «መጥተዋል»፣ «እሳቸው ያውቃሉ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም፤ አክብሮቱ ራሱ ሥጋት ይሆናል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ሰው ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ እየተሻገረ ነው የሚያወራው። በአፋን ኦሮሞ «ኤሳ ጂርታ?» የሚለው «የት ነህ?»ንም «የት ነሽ?»ንም ይሆናል፤ በሦስተኛ መደብ ግን «ዱፌ» (መጣ) እና «ዱፍቴ» (መጣች) ይለያያሉ። ደዋዩ በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር መምረጥ እንግዲህ ምስጢሩን መቼ እንደምትከፍቱ መምረጥ ነው።

ትንፋሽን ለየብቻ ቅረጹ፤ ማይኩ ከአፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የሴት ትንፋሽ ፍርሃት፣ የወንድ ትንፋሽ ሥጋት ሆኖ ለምዶናል። አቀያይራችሁ ሞክሩት። የአካባቢውን ድምፅ ማንም ሳይናገር ለ60 ሰከንድ ቅዱ፤ ያለ እሱ ቆርጣችሁ የምትቀጥሉት ድምፅ ይቆራረጣል።

7. ጥንቃቄ

የማሳደድ ትዕይንት በእውነተኛ መንገድ ላይ ስትቀርጹ ያየ ሰው እውነት መስሎት ይደርሳል፤ ሊደርስም ይገባል። በአካባቢው ላሉ ሱቆችና ጥበቃዎች ቀድማችሁ ንገሩ፣ ፈቃድ ያዙ፣ በድልድዩ ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ሰው አቁሙ። ተዋናይቷ «ቁም» ብላ የምታስቆምበት ቃል ይኑራት፤ እስከ ቤቷም አድርሷት።

8. ቁረጡ፣ ከዚያ ቁጠሩ

የሶቪየቱ ዳይሬክተር ሌቭ ኩሌሾቭ እንዳሳየው፣ ያው አንድ ፊት ከኋላው በሚመጣው ሾት መሠረት የተራበ፣ ያዘነ ወይም የወደደ ይመስላል። የሴቷን ፊት ካሳያችሁ በኋላ የወንዱን ጥላ ካስከተላችሁ ፈርታለች፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የጨበጠ እጇን ካስከተላችሁ እያሰበች ነው። ፊቱ ያው ነው።

መጀመሪያ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ ስንት ሰከንድ ፊቱ፣ ስንት ሰከንድ ሌላ አካሉ እንደታየ፣ ስንት ሾት በዓይኑ እንዳየን፣ ስንት ጊዜ አንድ ነገር እንደወሰነ ጻፉ። ሴቷ ከ120ው ሰከንድ 70ውን ወስዳ ፊቷ የታየው 12 ሰከንድ ብቻ ከሆነ፣ «ዋና ገጸ ባሕሪያችን ሴት ናት» ማለት ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ያንኑ የሾት ዝርዝር ይዛችሁ ተዋናዮቹን አቀያይሩ፤ በስልክ፣ በቀን ብርሃን፣ ለሙከራ ብቻ። ወንዱ ላይ ሲሆን አስቂኝ ወይም አሳፋሪ የሆነ ሾት ካለ፣ ሴቷም ላይ ምክንያት አልነበረውም። በተቃራኒው ለሴቷ ሽጉጥ ሰጥቶ ካሜራውን ከተረከዟ ወደ ላይ ማንሸራተት ምንም አይለውጥም፤ ይህ ስሕተት ብዙዎችን ያታልላል።

ለአምስት ሰው ያለ ድምፅ አሳዩና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን ያውቃል? ማን ያያል? ማን ይወስናል? ከአምስቱ አራቱ ለሦስቱም «ወንዱ» ካሉና እናንተ ይህን ካልፈለጋችሁ፣ ሁሉንም እንደገና መቅረጽ አያስፈልግም። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሾት ይበቃሉ፦ አንድ ነገር የምታይበት ፊቷ፣ ያየችው ነገር፣ ቀጥሎ የወሰነ እጇ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ሂዱ፤ ያንኑ ልብስና ያንኑ ጫማ ታድርግ፣ ቁልፉን በየትኛው እጇ ይዛ እንደነበር ከድሮው ሾት አይታችሁ አረጋግጡ።