ባሌስትራው ሳይነካ ፒክአፕ ዝቅ ማድረግ፣ ለሚጎትት ሰው

መኪናዬ የ1997 ሸቭሮሌ ሲ3500 ናት። አራት በር፣ ከኋላ በየጎኑ ድርብ ጎማ፣ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር። የምኖረው ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ከጨረታ የተገዙ መኪኖችን በተሳቢ አመላልሳለሁ። መኪናዋ ከፊት 2 ኢንች፣ ከኋላ 4 ኢንች ዝቅ ብላለች። ዛሬም ያንኑ ተሳቢ ያለ ችግር ትጎትታለች።

መልኳን በጣም እወደዋለሁ። ግን ዋናው ነገር እሱ አይደለም። እናቴ ደግፉኝ ሳትል ትገባለች። ዕቃ በጎን በኩል ስጭን ትከሻዬን አያመኝም። ንፋስ ባለበት ቀንም ሀይዌይ ላይ ረጋ ብላ ትሄዳለች።

ጋራዥ ስትሄዱ ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ አጭሩ መንገድ ከባሌስትራው (ከኋላ ካለው የተደራረበ የብረት ቅጠል) አንድ ሁለት ቅጠል ማውጣት ወይም የፊቱን ሞላ (ጥቅል ስፕሪንጉን) መቁረጥ ነው። እባካችሁ እሺ አትበሉ። ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የባሌስትራ ቅጠል ሲወጣ የመሸከም አቅም አብሮ ይወጣል። የተቆረጠ ሞላ ደግሞ መቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ የሚጫወትበትም ቦታ ያጥረዋል። ትክክለኛው መንገድ ሞላውንና ባሌስትራውን እንዳለ ትቶ የሚታሰሩበትን ቦታ መቀየር ነው።

ምንም ነገር ሳትፈቱ መጀመሪያ ለኩ። በሾፌሩ በር በኩል ያለውን ተለጣፊ አንብቡ። ጂቪደብልዩአር የሚለው መኪናው ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው ከፍተኛው ክብደት ነው፤ የኔዋ ላይ 10,000 ፓውንድ ይላል። ምንም ዕቃ ብትገጥሙ ይህ ቁጥር ከፍ አይልም። ቀጥሎ ባዶውን መኪና ደልዳላ ቦታ አቁሙና ከኋላው አክስል አናት እስከ ሻንሲው (የመኪናው አካል እስከተቀመጠበት ዋና የብረት ፍሬም) ድረስ ያለውን ክፍተት ለኩ። ከዚያ የምትጎትቱትን ተሳቢ ከነጭነቱ ቀጥሉና እንደገና ለኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተሳቢው ስንት ኢንች እንደሚጫነው ነው፤ ከባዶው ክፍተት ላይ እሱንና ዝቅ የምታደርጉትን ቀንሳችሁ የሚቀረው ይበቃ እንደሆነ እዩ። እንበል ባዶው 8 ኢንች ነው። 4 ዝቅ ስታደርጉት 4 ይቀራል። ተሳቢው 2 ቢጫነው 2 ኢንች ብቻ ቀረ ማለት ነው። አንድ ጉድጓድ ይጨርሰዋል። እንዲህ ከሆነ ወይ ትንሽ ብቻ ዝቅ አድርጉ፣ ወይ ከአክስሉ በላይ ሻንሲው ተቆርጦ በወፍራም ብረት ይጠናከር። ቆርጦ ማጠናከር የሰለጠነ በያጅ ሥራ ነው። በርካሽ አታሠሩት።

የፊቱ ቀላል ነው። የኔዋ ባለ ሞላ ስለሆነች ዝቅ የሚያደርግ ስፒንድል (የፊት ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ይገጠማል። ጎማው የሚታሰርበት ቦታ ከፍ ስለሚል መኪናው ዝቅ ይላል፤ ሞላው ግን የፋብሪካው እንደሆነ ይቀራል። ስታዙ የ3500ውን እዘዙ። የ1500ው አይገባም፣ ቢገባም አይችላትም። ቦል ጆይንቱን (ስፒንድሉን ከአርሙ ጋር የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ) ስትፈቱ ክሪኩ ከታችኛው አርም ሥር በደንብ መደገፉን አረጋግጡ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። አዲሱ ስፒንድል ከገባ በኋላ ጎማውን አስራችሁ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ቸርኬው ከምንም ነገር ጋር መነካካት የለበትም።

ዋናው ሥራ ከኋላ ነው። ባሌስትራው ከፊት በኩል በሃንገር (በማይንቀሳቀስ መያዣ)፣ ከኋላ በኩል በሻክል (በሚወዛወዝ መያዣ) ሻንሲው ላይ ተይዟል። ሁለቱንም ዝቅ በሚያደርጉ መቀየር አለባችሁ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አክስሉ ይዞራል፣ ኃይል ወደ ኋላው አክስል የሚያደርሰው የድራይቭ ሻፍትም አቅጣጫ ይዛባል። የፋብሪካው ሃንገር በሪቬት የተመታ ነው። ሪቬቱን ለማውጣት አብዛኛው ሰው ግራይንደር ያነሳል። በሾፌሩ በኩል ግን የቤንዚን ታንከሩ እዚያው አጠገብ ነው። ወይ ታንከሩን አውርዱት፣ ወይ ፍንጣሪ በማያወጣ መንገድ በድሪል ሥሩት። ስትመልሱ ግሬድ 8 የሚባለውን ጠንካራ ቡሎን ተጠቀሙ፤ ራሱ ላይ ስድስት መስመር አለው። የባሌስትራውን ጫፍ የሚይዙትን ቡሎኖች መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ሲያርፍበት ብቻ አጥብቁ። አንጠልጥላችሁ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

አክስሉን ከባሌስትራው በላይ የሚያዞር ፍሊፕ ኪት የሚባልም አለ። ወደ 6 ኢንች ያወርዳል። ለሚጎትት መኪና እኔ አልመክረውም፤ ሻንሲው ሳይቆረጥ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም።

የዲፈረንሻሉን ዝንባሌ ከሥራው በፊትና በኋላ በአንግል መለኪያ እዩት። ከተለወጠ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። ያኔ አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩትን ዩ-ቦልቶች በአዲስ ቀይሩ። አሞርዛተሩም አጭሩ መሆን አለበት፤ የድሮው ገና ጭነት ሳትጭኑ መጨረሻው ላይ ይደርሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ከባድ ፒክአፖች አንዳንዶቹ ከኋላው አክስል ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አላቸው። ዘንጉ የኋላ ፍሬኑን ኃይል የሚመጥን ቫልቭ ያዛል። ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ ቫልቩ መኪናው የተጫነ ይመስለውና ለኋላው ብዙ ፍሬን ይለቃል። ባዶውን በዝናብ ስትነዱ የኋላ ጎማ ይቆልፍና መኪናው ይሽከረከራል። ሥር ገብታችሁ እዩ። ካለ ዘንጉ ለአዲሱ ከፍታ ይስተካከል።

ረዳት ኤርባግ (ባሌስትራውን የሚያግዝ በአየር የሚሞላ ከረጢት) ጥሩ ነው፤ እኔም አለኝ። ዝቅ ላለ መኪና የተሠራውን አጭሩን ግዙ። የግራና የቀኙ ቱቦ ይለያይ። ባዶ ስትሆኑም ከ5 ፒኤስአይ በታች አታውርዱት፣ ከ100 በላይም አትሙሉት። ሥራው ከጭነት በኋላ መኪናውን ማስተካከል እንጂ የባሌስትራን ቦታ መተካት አይደለም።

የተሳቢው መንጠቆም ይቀየራል። ተሳቢው የሚያያዝበት ኳስ አብሮ ስለወረደ የድሮው ወደ ታች የታጠፈ መያዣ ተሳቢውን አፍንጫውን ያስደፋዋል። ብዙ ጊዜ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ላይ የተገለበጠ መያዣ ይበቃል። ተሳቢው ደልዳላ መሬት ላይ ደልዳላ ሆኖ መቆም አለበት። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን፤ ለ7,000 ፓውንድ ተሳቢ ከ700 እስከ 1,050 ማለት ነው። የተሳቢው የፊት እግር ወደ ግቢ ሲገባ አስፋልት እንዳይፍቅም እዩ።

ከዚያ አላይመንት አሠሩ፣ የፊት መብራቱንም አስተካክሉ። ተሳቢውን ከነጭነቱ ቀጥላችሁ ትራክ ስቶፕ (የትራክ ማረፊያ) ያለው ካት ስኬል የሚባል ሚዛን ላይ ውጡ። ትራክ የምትነዱ ወንድሞች ታውቁታላችሁ፤ የፊቱን፣ የኋላውንና የተሳቢውን አክስል ለየብቻ ይመዝናል። የኋላው አክስል ቁጥር በበሩ ተለጣፊ ላይ ለኋላው አክስል ከተጻፈው ካለፈ ጭነቱን ወደ ተሳቢው ኋላ ትንሽ ግፉት፤ ኳሱ ላይ ያለው ግን ከ10 በመቶ እንዳይወርድ። እንደዚያም ካልሆነ ጭነት ቀንሱ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥር ገብታችሁ የሃንገሩንና የዩ-ቦልቱን ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ ፈትሹ። ባምፕ ስቶፑንም (አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያቆመውን ጎሚኒ) እዩት፤ አዲስ የተመታ ምልክት ካለበት አክስሉ እየደረሰ ነውና 1 ኢንች መልሳችሁ ከፍ አድርጉ።