የመንገድ ዳር ዛፎችን እንዴት መለየት ይቻላል?

ጃካራንዳ ሐምራዊ አበባውን ሲለብስ የማያውቀው የለም። አበባው በረገፈ በሳምንቱ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዛፍ መለየት የሚፈልግ ሰው አበባ መጠበቁን ትቶ በቅጠል፣ በጠረንና በፍሬ ቢጀምር ይሻለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች የአዲስ አበባ ናቸው፤ በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ከተሞችም አብዛኞቹ አይጠፉም።

1. አንድ መንገድ ይምረጡ። በየቀኑ የሚመላለሱበት ቢሆን ጥሩ ነው። ከተማውን በሙሉ ለማዳረስ መሞከር ማሰልቸት እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም።

2. ቅጠሉን በእጅዎ ይዘው ይዩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ቅጠሉ አንድ ወጥ ነው ወይስ በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ ብዙ ትናንሽ ቅጠሎች ያሉት ነው የሚለው ነው። ዋንዛና ብሳና ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ጃካራንዳ፣ ግራርና ብርብራ ከሁለተኛው። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። የብሳና ቅጠል ጀርባው ነጣ ያለ ነው፤ ቅጠሉ ከቅርንጫፍ ከሚያያይዘው ዘንግ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ። አሮጌ ቅጠሎቹ ከመርገፋቸው በፊት ብርቱካንማ ስለሚሆኑ በሩቅም ያስታውቃል። የግራቪሊያ ቅጠል ጀርባም ብርማ ነው፤ ነገር ግን እንደ ላባ የተቆራረጠ ስለሆነ ከብሳና ጋር አይምታታም።

ባሕር ዛፍ ግን ጀማሪን ያታልላል። አገሩ አውስትራሊያ የሆነውና በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ፣ በተለይ ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው፣ ችግኝ ሳለ ሰማያዊ የሚመስል፣ ሰፋ ያለና ዘንግ የሌለው ቅጠል ያወጣል፤ ሲያድግ ደግሞ ረጅምና እንደ ማጭድ የቆለመመ። ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውም የልጅነቱን ቅጠል ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው የተለያዩ ዛፎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

3. አሽተው ያሽትቱ። የባሕር ዛፍ ሽታ ለማንም አይጠፋም። ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የሚንጠለጠሉት ቁንዶ በርበሬ ደግሞ ቅጠሉ ሲታሽ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ፍሬው ትንሽና ቀላ ያለ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን ከሱቅ ከምንገዛው ቁንዶ በርበሬ ጋር ዝምድና የለውም። ምንም ቢሆን አይቅመሱ። ሲሰበር ወተት የሚያፈስ ተክል ካጋጠመዎት እጅዎን ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ፤ ሾላና ዋርካም ወተት አላቸው፣ የቁልቋልና የቅንጭብ ግን ዓይን ይጎዳል።

4. ከዛፉ ሥር ይፈልጉ። ሁለቱ ጥዶች የሚለዩት እዚህ ነው። የፈረንጅ ጥድ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርስ የሚሰነጣጠቅ ድቡልቡል ፍሬ ይጥላል። የሀበሻ ጥድ ፍሬ ከዚያ በጣም ያንሳል፤ ለስላሳና ሰማያዊ ጥቁር ነው። ችግሩ የሀበሻ ጥድ ወንድና ሴቴ ዛፍ ያለው መሆኑ ነው፤ ወንዱ አያፈራም። ስለዚህ ፍሬ ያልተገኘበትን ጥድ በጥያቄ ምልክት መዝግቦ ማለፍ ይሻላል። የጃካራንዳ ፍሬ ደግሞ ጠፍጣፋ፣ ክብና ደረቅ ነው፤ ሲከፈት ስስ ክንፍ ያላቸው ዘሮች ይበተናሉ።

5. ቦታውን ያስቡ። የድሬዳዋ ዛፍ ቅጠሉ ከጃካራንዳ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የሚወደው ግን ሙቀት ነው። 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ደምቆ ያብባል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ብዙም አይጠበቅም። ከተጠራጠሩ ፍሬውን ይፈልጉ፤ የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ እንደ ባቄላ ዘሮቹን በውስጡ የያዘ፣ ክንድ ያህል የሚረዝም ነው።

6. ስሙን ያጣሩ። ፕላንትኔትን የመሰሉ የስልክ መተግበሪያዎች ይረዳሉ፤ ሆኖም ዛፉን በሙሉ ከሩቅ ከማንሳት ይልቅ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅርፊቱንና ፍሬውን ለየብቻ ያንሱ። መልሱንም እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይውሰዱት። የአማርኛው ስም ከአገር አገር ስለሚለያይ በአካባቢው የኖሩ አዛውንትና አትክልተኞችን መጠየቅም ጥሩ ነው። አሁንም ካልተለየ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበትን ትንሽ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቀው፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ በአራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኖሪያ) ናሙናዎቹን የሚያኖረው በዚሁ መንገድ ነው። ቅርንጫፉን ግን ከወደቀው ያንሱ እንጂ ከቆመው ዛፍ አይስበሩ።