ሜንከንን አንብባችሁ ሰው እንዳትጠሉ

ዲሞክራሲንና ሕዝብን የሚያናንቁ ጥቅሶች ሼር ሲደረጉ አንዳንዶቹ ስር የአሜሪካዊው ጋዜጠኛ የኤች ኤል ሜንከን ስም አለ፣ እኔ ሰውየውን እወደዋለሁ ግን አንድ ክረምት ሙሉ አከታትዬ አንብቤው የእድር ስብሰባ ላይ ጎረቤቶቼ ሲናገሩ መስማት ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር፣ ሰው በሙሉ መንጋ መስሎ ታየኝ። እናንተም ላይ እንዳይደርስ እንዴት እንደሚነበብ ልንገራችሁ።

በጥቅስ አትጀምሩ። ተቆርጦ ሲወጣ ስድቡ ብቻ ነው የሚተርፈው፣ በስሙ የሚዞረውም ሁሉ ቃል በቃል የሱ አይደለም። የሐሳቡ ፍሬ ይሄ ነው፦ ሕዝቡ የሚፈልገውን ያውቃል ካላችሁ እንግዲህ የፈለገውን እስኪያንገሸግሸው ይጋት።

ቀጥላችሁ የመታጠቢያ ገንዳውን ታሪክ ፈልጋችሁ አንብቡ፣ እኔ የነቃሁት እዚጋ ነው። በ1917 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ፣ ገንዳ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በ1842 ሲንሲናቲ ነው፣ ዋይት ሀውስ ያስገባው ደግሞ ፕሬዝዳንት ፊልሞር ነው ብሎ ጻፈ፣ ሁሉንም ከጭንቅላቱ ነው የፈጠረው። በ1926 ራሱ ውሸት መሆኑን ተናገረ፣ ከዛ በኋላም እንደ እውነት መጻፉ አልቆመም። ማን ነው የተሸወደው? እሱ የሚዘልፈው የገጠር ገበሬ እኮ አይደለም፣ ጋዜጣ የሚያነበውና የሚያዘጋጀው የተማረ ሰው ነው። ስለዚ "እነዚህ ደደቦች" ባለ ቁጥር እኔስ የለሁበትም ወይ እያላችሁ አንብቡት፣ ይቺን ልማድ ሳትይዙ ሜንከን ጎጂ ነው።

ዴይተን ከተማ ስለነበረው ክስ የጻፋቸውን ስታነቡ ደግሞ የፍርድ ሂደቱን ቀኖች አጠገባችሁ አድርጉ። ሐምሌ 1925 ቴነሲ ውስጥ ጆን ስኮፕስ የሚባል አስተማሪ በስቴቱ ሕግ የተከለከለውን ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ ሲከሰስ ሜንከን ቦታው ድረስ ሄዶ የከተማውን ሰው በብዕሩ ገረፈው፣ ግን ነገሩ ያለቀ መስሎት ቀድሞ ወጣ፣ የስኮፕስ ጠበቃ ዳሮው ከከሳሽ ወገን የቆመውን ብራያንን ምስክር አድርጎ ያፋጠጠበት ቀን፣ ማለት ዋናው ቀን፣ አልነበረም። የሚንቁትን ነገር እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ ማየት ይከብዳል፣ ንቀት ለጋዜጠኛ ክፉ የሚሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ምላሱ የጠቀመበትንም እዩ። በ1931 ሜሪላንድ ሳልዝበሪ ከተማ ላይ ሕዝብ ተሰብስቦ ማቲው ዊሊያምስ የተባለ ጥቁር ሰው ሲገድል፣ ሜንከን የገዛ ስቴቱን ሰዎች በዛው ምላስ ነው ያዋረዳቸው፣ የሚጽፍበት ጋዜጣም በዛ አካባቢ አድማ ተመታበት። መንጋን መፍራቱ እዚህ ትክክል ነበር፣ እኔ ይሄን ሳነብ ለሱ ያለኝ አክብሮት ይመለሳል። ግን በ1989 የታተመው የግል ማስታወሻው ውስጥ ስለ አይሁዶችና ስለ ጥቁሮች የጻፈው ያሳፍራል፣ እሱንም አትዝለሉት፣ ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው።

ቅደም ተከተሉን ካልመረጣችሁ ከመጨረሻው ጽሑፉ ጀምሩ። ባልቲሞር መናፈሻ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ወጣቶች አብረው ቴኒስ በመጫወታቸው ስለመታሰራቸው ኅዳር 1948 የጻፈው ነው፣ አጭር ነው፣ ማንም ሰው ከፈለገው ጋር ቢጫወት መንግሥትን ምን አገባው ነው የሚለው። በዛው ወር ስትሮክ መታውና ማንበብም መጻፍም አቃተው።