አዲስ ሹፌር ዳገት ላይ፦ ለእሱም፣ ከኋላው ላለውም

መንጃ ፈቃድ አውጥታችሁ መኪናው ግቢ ውስጥ አቧራ እየጠጣ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ከአዲስ ሹፌር ኋላ ስትሰለፉ እጃችሁ ወደ ክላክስ የሚሮጥ ከሆነም ለእናንተ ነው። እኔ ለዓመታት ከመገናኛ ፒያሳ ሚኒባስ ነድቻለሁ። አሁን ሥራዬ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሰዎች ጎን ተቀምጬ በራሳቸው መኪና ማለማመድ ነው።

ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ የተማራችሁት መኪናውን ማንቀሳቀስ ነው። መንገዱ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥታችኋል። በዚህ ከተማ የትም ሂዱ የት፣ አንድ ቦታ ላይ ዳገት መሃል ትቆማላችሁ።

እሱ ላይ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ ሰዓትና ስለ ሰው ልናገር። መጀመሪያ እሁድ ጠዋት ውጡ። መንገዱ ክፍት ነው። ቤተ ክርስቲያን ባለበት በኩል ብቻ አትሂዱ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ነጠላ የለበሰ ሰው አስፋልቱን ይሞላዋል። አንድ መንገድ ምረጡና እሱኑ ደጋግሙት። ከሲኤምሲ ወደ አያት ያለው ሰፊ ስለሆነ እኔ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የምጀምረው። መንገዱን ስትለምዱት ዓይናችሁ ጉድጓድ መፈለጉን ትቶ ሰው ማየት ይጀምራል። ቀጥሎ የሥራ ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞክሩ፣ ግፊያው ካለፈ በኋላ። የአሥራ አንድ ሰዓቱ ሰልፍ ይቆያችሁ።

አጠገባችሁ የሚቀመጠው ሰው ትንሽ የሚናገር ይሁን። ባል ሚስቱን፣ አባት ልጁን ባያለማምድ እመርጣለሁ። «ፍሬን! ፍሬን በይ እንጂ!» ብሎ የሚጮህ ቤተሰብ ከውጭ ካለው ክላክስ የበለጠ ያስደነግጣል። የኋላው ወንበር ባዶ ይሁን። ስልክም ዝም ይበል።

አሁን ዳገቱ። ማንዋል የምትነዱ ሰዎች መኪና በማይበዛበት የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ተለማመዱት። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። አንደኛ ማርሽ አስገቡ። ትንሽ ነዳጅ ስጡ። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁ፤ ጆሯችሁ ሞተሩ ላይ ይሁን። ድምፁ ወፈር ይላል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። እግራችሁን እዚያው ያዙት። አሁን የእጅ ፍሬኑን ብታወርዱ መኪናው ወደ ኋላ አይሄድም። አውርዱት፣ ነዳጅ ጨምሩ፣ ፍሪሲዮኑን ጨርሳችሁ ልቀቁ። ሄዳችሁ።

ይህን እግራችሁ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ደጋግሙት። በሐሳብ የሚያውቀው ሰው ሰልፍ ውስጥ ሲገባ ይጠፋበታል። እግሩ የሚያውቀው ግን ቢደነግጥም ይሠራዋል።

ዳገት ላይ ሰልፍ ይዛችሁ ስትቆሙ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥላችሁ አትጠብቁ። የሚቃጠል ነገር ከሸተታችሁ የፍሪሲዮን ሸራው እየተበላ ነው። ፍሬን ያዙ። ከፊት ያለው መኪና የኋላ ጎማው አስፋልቱን የረገጠበት ቦታ እስኪታያችሁ ድረስ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እሱም አዲስ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ኋላ ሊንሸራተትባችሁ ይችላል። አውቶማቲክ የምትነዱም ይህችን አትርሱ።

ሞተሩ ከጠፋባችሁ፦ ፍሬን። የእጅ ፍሬን። አራቱን ፍሬቻ በአንድ ላይ አብሩ። ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ ቁልፉን አዙሩ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩ። ክላክስ የሚያደርግ ያድርግ። በጩኸት ተቻኩሎ ፍሪሲዮን የሚለቅ ሰው ሞተሩን መልሶ ያጠፋዋል።

ባለፈው ክረምት ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚወጣው ዳገት ላይ ከአንዲት ተለማማጄ ጋር ነበርኩ። አስፋልቱ እርጥብ ነው። አሮጌዋ ኮሮላ ጠፋችባት። አስነሳቻት፣ ደግማ ጠፋችባት። ከኋላችን ሰው የሞላ ሚኒባስ አለ። ሹፌሩ ክላክስ አላደረገም። እጁን በመስኮት አውጥቶ ከኋላው ያሉትን «ቆይ» አላቸው። ከዚያ አንገቱን አወጣና «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ ከኋላሽ አለሁ፣ ተረጋጊ» አላት። መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ የነበረው እጇ ሲረጋ አየሁት። ቀጥሎ ስትሞክር ወጣች። ሰውየው የከፈለው ነገር ቢኖር አንድ ደቂቃ ነው።

ሚኒባስ ካነሳሁ አይቀር ጠባዩን ከእኔ ስሙ፤ አዲስ ሹፌሮች ከምንም በላይ የሚፈሩት እሱን ነው። ሚኒባስ ለመቆም ፍሬቻ ያበራል ብላችሁ አትጠብቁ። እሱ የሚቆመው ሰው ሲያይ ነው። ስለዚህ እናንተም እሱ የሚያየውን እዩ። ከፊቱ መንገድ ዳር እጁን የዘረጋ ሰው ካለ ይቆማል። ረዳቱ በሩን ገርበብ ካደረገ ወራጅ አለው። ያኔ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ። በቀኙ በኩል በጭራሽ አትለፉት፤ በሩ የሚከፈተው በቀኝ ነው፣ ሰው ይወርድባችኋል። ብዙ አትጠጉት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ፤ በ60 ከ16 ሜትር በላይ። ደንግጣችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪያገኝ ያ ሴኮንድ ያልቃል።

ዜብራ ላይ የቆመ መኪና ካያችሁም «ይሄ ምን ሆኖ ነው የቆመው» ብላችሁ በጎኑ አትለፉ። ከፊቱ የሚሻገር ሰው አለ። ልጅ ከሆነ ደግሞ መኪናው ይጋርደዋል፣ ብቅ ሲል ነው የምታዩት። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ ያለማመድኩት ሰው ሁሉ ይህን ሳያውቅ ከእኔ አይለይም።

አደባባይ ከሚወራለት ይቀላል። ቅድሚያ ያለው ቀድሞ አደባባዩ ውስጥ የገባው ነው፣ ማለትም በግራችሁ የሚመጣው። ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ጋ ስትደርሱ ቀንሱ፣ ወደ ግራ እዩ፣ ክፍተት ስታገኙ ሳታመነቱ ግቡ። ገብታችሁ መሃል ላይ አትቁሙ። መውጫችሁ ካለፋችሁ ደግማችሁ ዙሩ እንጂ ድንገት አትቁረጡ። ስትወጡ የቀኝ ፍሬቻ።

የኋላው መስታወት ጥግ ላይ፣ እይታ በማይከልልበት ቦታ፣ «አዲስ ሹፌር» የሚል ወረቀት ለጥፉ። የሚያፍሩበት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለሁሉም አስለጥፋለሁ። ከኋላ ያለው ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ አብዛኛውን ጊዜ ይታገሣል።

ነባር ሹፌሮች፣ ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያን ወረቀት ዳገት ላይ ስታዩ አንድ መኪና የሚያህል ቦታ ተዉለት። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ካልተነሳ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ክላክሱ ፈጥኖ አያስነሳውም፣ ያጠፋዋል እንጂ። ስታልፉት ሙሉ በሙሉ እለፉና ነው ወደ ፊቱ የምትገቡት። አፍንጫው ላይ ገብታችሁ ፍሬን ከያዛችሁ እሱ በእናንተ ፍጥነት ፍሬን አያገኝም። ቅድሚያ ስትሰጡት ደግሞ በእጃችሁ አሳዩት። የመብራት ብልጭታ አዲስ ሰውን ግራ ያጋባዋል፤ «ና» ይሁን «ቁም» አይገባውም።

መንገድ ዳር ለማቆም ፍሬቻ አብርቶ ወደ ኋላ መምጣት ከጀመረ ራቅ ብላችሁ ቁሙና አንዴ ይግባ። ካልተሳካለት ወጥቶ ይድገመው። ማታ ከሆነ ረጅሙን መብራት አጥፉለት፤ የሚገባው በስፖኪዮ እያየ ነው።