የባህል ልብስ ቤትን በቴሌግራምና በቲክቶክ ማስተዋወቅ፦ ለሐዋሳ ነጋዴዎች

የልብሱን ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብሎ መጻፍ በጣም የተለመደ ነው። ገዢን ከሚያርቁ ልማዶች ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ዋጋ ያላገኘ ገዢ ሻጩ ፊት አይቶ ሊጠራብኝ ነው ብሎ ይጠረጥርና ሳይጠይቅ ያልፋል። ተፎካካሪ ዋጋዬን ያይብኛል የሚለው ስጋት ውኃ አያነሳም፤ ተፎካካሪው ማወቅ ከፈለገ ሰው ልኮ ያስጠይቃል። ዋጋውን በግልጽ ለመጻፍ ከወሰኑ የቀረው ሥራ ይቀላል።

ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ስሙን ይጨርሱ። በንግድ ፈቃዱ፣ በሱቁ በር ላይና በገጹ ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈው የመለያ ስም በቴሌግራምም በቲክቶክም በፌስቡክም ክፍት መሆኑን ፈልገው ያረጋግጡ። በአንዱ ከተያዘ በሁሉም ላይ ከስሙ ኋላ «ሐዋሳ» ይጨምሩ፤ ቁጥር መቀጠል ግን ገጹን የአስመሳይ ያስመስለዋል። አርማው ስልክ ላይ የሚታየው የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ክብ ውስጥ ስለሆነ አንድ ፊደል ወይም አንድ የጥለት ቅርጽ በሁለት ቀለም ይበቃል። ስልክ ቁጥርና አድራሻ እዚያ ውስጥ ማጨቅ ከንቱ ድካም ነው። ስሙ እየታወቀ ሲሄድ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የንግድ ምልክት አድርገው ያስመዝግቡት፤ ጥበቃው ለ7 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም። የንግድ ስም በንግድ ፈቃድ ላይ መስፈሩ ይህንን አይተካም።

ሁለት ቦታ በደንብ መያዝ አምስት ቦታ ከመበታተን ይሻላል። ቲክቶክ የማያውቅዎትን ሰው ያመጣል፣ የቴሌግራም ቻናል ደግሞ መደርደሪያዎ ይሆናል። ቻናሉን በባለቤቱ ስም በወጣ ሲም ካርድ ይክፈቱት። ሠራተኛ በራሱ ስልክ ከከፈተው ሥራ የለቀቀ ዕለት ቻናሉም ደንበኛውም አብረውት ይሄዳሉ። ሠራተኛውን አስተዳዳሪ አድርጎ መጨመር ይቻላል፤ የይለፍ ቃል መስጠት አያስፈልግም። ቻናሉ አሁንም በሠራተኛ ስም ከሆነ ባለቤትነቱን ማዛወር ይቻላል፤ ነገር ግን የሚያስረክበው ሰው የባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት። ስለዚህ ይህን የሚጨርሱት ከመሰነባበታችሁ በፊት ነው።

ከላይ የሚሰካው መልእክት የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ የአከፋፈል መንገድና አድራሻ ይያዝ። አድራሻውን ባጃጅ ነጂ በሚያውቀው ምልክት ይጻፉ፤ ከቀበሌ ቁጥር ይልቅ ፒያሳ፣ አቶቴ ወይም አረብ ሰፈር ብሎ ከየትኛው ሕንፃ ጎን እንደሆነ መንገር ሰውን በር ድረስ ያደርሳል።

አሁን ወደ ፎቶው፤ የባህል ልብስ ገጽ የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። የስልክ ካሜራ ፊቱ ሁሉ ነጭ ሲሆንበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጩ ሸማ ያደፈ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ጨርቁን በጣት ሲነኩ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ እሱን ወደ ላይ ቀስ አድርገው ይግፉ፣ የፈትሉ መስመር መጥፋት ሲጀምር ያቁሙ። የሱቁን አምፖል ያጥፉ፤ የአምፖል ብርሃንና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ግማሹን ቢጫ ግማሹን ሰማያዊ ያደርጉታል። ልብሱን በር አጠገብ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያርፍበት ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ባልሆነ ግድግዳ ፊት ይስቀሉት። ለአንድ ልብስ አራት ፎቶ ይበቃል፦ ሰው ለብሶት ሙሉ ቁመቱ፣ ጀርባው፣ ጥለቱ በቅርበት፣ የስፌቱ ጫፍ። ፊልተር አይጠቀሙ። ቀለሙ ተለውጦ የተላከ ልብስ ተመልሶ ይመጣል፣ ገዢውም ለጓደኞቹ ይናገራል።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው አጭር ይሁን፦

«የመነን ቀሚስ፣ አረንጓዴ ጥለት፣ ከነነጠላው። 6,500 ብር። ቁመት 145 ሳንቲ ሜትር። በልክ ለማሰፋት 8 ቀን። ወደ ሌላ ከተማ በመኪና እንልካለን፣ የማጓጓዣው ሂሳብ በገዢው። #ቀሚስ #መነን»

የ# ምልክቶቹን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይጠቀሙ፤ ገዢው ሲነካቸው በቻናሉ ውስጥ ያሉትን ቀሚሶች በሙሉ ያያል። ልብሱ ሲሸጥ መልእክቱን አርመው «ተሽጧል» ይበሉ እንጂ አያጥፉት፤ የተሸጠ ልብስ ለአዲስ ገዢ እምነት ይሰጣል።

ለቲክቶክ ስልኩን አቁመው ይቅረጹ፤ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ አርማና ሰላምታ አይግቡ፤ ጥለቱ ይታይ፣ ዋጋው ይጻፍ። የንግድ አካውንት ከሆነ ታዋቂ ዘፈኖችን አብዛኛውን ጊዜ መጠቀም አይችሉም፤ ለንግድ የተፈቀዱትን ሙዚቃዎች ይምረጡ ወይም በራስዎ ድምፅ ያስረዱ። ለእኔ ድምፅዎ ይበልጣል፣ ሌላ ሱቅ አይኖረውምና። በሲዳምኛም ይናገሩ፤ ጽሑፉን ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይጻፈው።

ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲቆዩ መልእክቱን በቀጠሮ መላክ ይቻላል። እዚህ ላይ ስህተት የሚመጣው ከሰዓቱ ነው፤ ምሽት 2 ሰዓት እንዲወጣ ከፈለጉ የሚሞሉት 20:00 ነው። የበዓል ዕቃን ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት ማሳየት ይጀምሩ፤ የሸማኔና የሰፊ ጊዜ ይበላል። እንቁጣጣሽና ጥምቀት ቀናቸው ይታወቃል። የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ ግን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን ቆጥረው ስለሆነ የሚያሳውቁት፣ ቀኑን ገምተው ማስታወቂያ ላይ አይጻፉ። ልብሱን ቀድመው ያሳዩ፣ ቀኑን ሲታወጅ ይጨምሩ።

ገንዘብ ሲላክ የስክሪን ፎቶ ማረጋገጫ አይደለም፤ በቀላሉ ይፈበረካል። የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብዎን ራስዎ ከፍተው ብሩ መግባቱን ሳያዩ ዕቃ ወደ መናኸሪያ አይላኩ።

ተከታይ የሚሸጡ ሰዎች ይመጡብዎታል። አይግዙ። የተገዛ ተከታይ አይቶ ዝም ስለሚል መተግበሪያው ቪዲዮዎ ሰው የማይስብ ይመስለዋል፣ ለእውነተኛ ሰዎች ማሳየቱንም ይቀንሳል። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ካሠሩ ያለ ክፍያ በደንብ የታየ አንድ ቪዲዮ መርጠው እሱን ያሳድጉ፣ መተግበሪያው ከፈቀደም ቦታውን ሐዋሳና አካባቢዋ ላይ ይወስኑት። አገሩን በሙሉ ከመረጡት ገንዘቡ ሱቅዎ ሊመጣ በማይችል ሰው ላይ ያልቃል።

ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱን ገዢ «የት አይተውን ነው?» ብለው ይጠይቁና የሽያጭ ደብተሩ ላይ፣ ከዋጋው ጎን፣ «ቲ»፣ «ቴ» ወይም «ሰው» ብለው ይጻፉ። ወሩ ሲያልቅ ብሩን በየምልክቱ ይደምሩ፤ ብዙ ላይክ ያገኘውና ብዙ የሸጠው ልብስ አንድ ላይሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ወር ቀረጻ የሚመሩት በሸጠው ነው።