የቅዳሜ ማታ ኮንሰርት በሬዲዮ

ቦስተን አካባቢ ከሆናችሁ ሬዲዮውን 99.5 ኤፍ ኤም ላይ አድርጉት። ደብሊው ሲ አር ቢ የሚባል የሕዝብ ጣቢያ ነው፣ ክላሲካል ያሰማል። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ኮንሰርት ቅዳሜ ማታ በ2 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ 8 ማለት ነው፣ ያስተላልፋል። ራቅ ያላችሁም በኢንተርኔት በነፃ ትሰማላችሁ።

ትንሽ ቀደም ብላችሁ ክፈቱት። አንዳንዴ የመሣሪያ ቅኝቱ ይሰማል፤ ኦቦ የምትባለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ አንዲት ድምፅ ይዛ ትቆይና ቫዮሊኑም ጥሩምባውም እሷን ተከትሎ ይቃኛል፣ እኔ ይቺን ደቂቃ በጣም ነው የምወዳት።

አዲስ ቀረጻ ሲያሰሙና በኋላ ልትፈልጉት ከሆነ የሙዚቃውን ስም ብቻ አትጻፉ። የቤትሆቨን 5ኛ ሲምፎኒ ስንት ቀረጻ እንዳለው! የሙዚቃ መሪውንና የኦርኬስትራውንም ስም ያዙ። ካመለጣችሁ የጣቢያው ድረ ገጽ ላይ የተጫወቱት ዝርዝር ከነሰዓቱ አለ።